ከጉድጓዱ ዳር የተላከ አፈር

የካቲት 12

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷ ያው እንደምታውቂው ነው፤ ሲያማት ትቆማለች፣ ሲብስባት ትዞራለች፣ ተቀመጪ ካሏት ትቆጣለች።

ስልክ ለምን አታነሳም ብለሽ በአውቶቡስ ሹፌሩ በኩል ልከሽብኛል። ኩርፊያ ይዞኝ እንዳይመስልሽ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እማዬ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች፤ ካነሳሁት ደግሞ ድምፁን ልቀቀው፣ እኔም ልስማ ትላለች። ስለ ውሃ ጉድጓዱ እሷ ፊት እንዴት ላውራ? በዚያ ላይ አንቺና እኔ በስልክ ሦስት ደቂቃ ካወራን አራተኛዋን እንጣላለን። በደብዳቤ ቢያንስ አንዳችን እስክንጨርስ ሌላችን ዝም እንላለን። ሹፌሩም ደግ ሰው ነው፤ ለወረቀትም ለዕቃም ቦታ አያጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ ፊርማሽና የላብራቶሪው ማኅተም ያለበትን ያንን የአፈር ምርመራ ወረቀት ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሳላስፈቅድሽ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለእረፍት የመጣሽ ጊዜ እማዬ ከጉድጓዱ ቀድታ የሰጠችሽን ውሃ አንዴ ጎንጨት ብለሽ ብርጭቆውን መልሰሽ አስቀመጥሽው። ዘይት ዘይት ይላል አልሽ። እማዬና እኔ ተያየን። እኛን ምንም አልሸተተንም፤ መካኒክ ቤት ውስጥ ኖረን ኖረን አፍንጫችን ዘይትን እንደ አየር ለምዶታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ያንን ውሃ ባየሁ ቁጥር ብርጭቆውን አንስቼ አሸተዋለሁ። ወረቀትሽ ሲደርሰኝ አላስችል አለኝና ወሰድኩት። ለኃላፊው ጠረጴዛው ላይ በጣቴ እየሣልኩ አስረዳሁት፤ ከላይ የጎረቤታችን የካምቢዮ ጋራዥ፣ ከሱ በታች የእናቴ ቤት ከነጓሮዋና ከነጉድጓዷ፣ ከሁሉም በታች መንገዱ ዳር የእኔ ጋራዥ። ዘይት ሽቅብ አይወጣም። እኔ ታች ነኝ፣ እሱ ላይ ነው። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ጎረቤት ሁሉ ሰላም ነው። ያንቺን ክፍል ጣሪያ አድሼዋለሁ፣ አሁን አያፈስም። የካምቢዮን ጋራዥ ሐሙስ ዕለት አሽገውታል።

ወንድምሽ


የካቲት 21

ወንድሜ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። ስለ ጣሪያው አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን መስመርህን ግን አራት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሰው ጣሪያ አደስኩ ባለበት አፉ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ጎረቤቴን አሳሸግኩ ይላል?

ወረቀቱ ሥራሽ ላይ ችግር አመጣብሽ ወይ ብለህ በሹፌሩ በኩል ላቀረብከው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ጽሕፈት ቤቱ አለቃዬ ዘንድ ደውሎ ወረቀቱ የእኛ መሆኑን አጣርቷል። አለቃዬ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና አፈሩን ማን እንደቆፈረው ጠየቀኝ። እኔ አልኩት። ከስንት ቦታ አለኝ። ከሦስት አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ ክፍሉ ገባ። ያቺን መልሴን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይቀላል።

ሦስት ጣሳ ብቻ ነበር የያዝኩት። አንዱ ከጋሽ ካምቢዮ የፍሳሽ ቦይ አፍ፣ አንዱ ከጉድጓዱ ዳር፣ አንዱ ካንተ ግቢ። ዘይቱ ከላይ ነው የወረደው የሚለው ሐሳብ እኔም ጭንቅላት ውስጥ ስለነበረ ሌላ ቦታ መቆፈር አልታየኝም። ስለዚህ አንተን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ግን ወረቀቱ ምን ይላል? በሦስቱም ጣሳ ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተገኝቷል ይላል። የማን እንደሆነ አይልም፣ ሊልም አይችልም። የላኩልህ እማዬን ውሃውን እንዳትጠጣ እንድታሳምንበት ነበር እንጂ ሰው እንድታሳሽግበት አልነበረም።

ደግሞስ ጋሽ ካምቢዮን ከመቼ ወዲህ ነው "እሱ" ማለት የጀመርከው? አባዬ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ የራሳቸውን ሥራ እያቋረጡ የእኛን ጋራዥ ሁለት ወር ያንቀሳቀሱልን እሳቸው ናቸው። ሲያወሩ ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ ማርሽ ስለሚቀይር ካምቢዮ ብለህ ስም ያወጣህላቸው አንተ ነህ። ስሙን ሰምተው ስቀው ተቀበሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮህን ይዞ ያዞርህ ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ባላጠፉት ጥፋት ጋራዣቸው በእኔ ፊርማ ተዘግቶ ቢቀርስ? አጥፍተው ከሆነ ልወቀው፣ ካላጠፉም ልወቀው። እኔ የማላውቀውን ነገር ነው የፈረምኩት።

ስለዚህ ከእሳቸው ግንብ ሥር ጀምረህ ወደ ጉድጓዱ ቁልቁል፣ በየአራት እርምጃው አንድ ጣሳ አፈር ሙላልኝ። ሰባት ጣሳ ይበቃል። ክንድ ያህል ጥለቅ። ዘይቱ ከላይ ከመጣ በመንገዱ ላይ አሻራውን ሳይጥል አያልፍም። ከዚህ ጋር ያጣጠፍኩልህን ቁራጭ ወረቀት እማዬ እንዳታየው፤ እዚያ ላይ ያሉትን ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልስልኝ።

እህትህ


መጋቢት 4

እትዬ፣

ጤና እንዴት ይዞሻል? ሰባቱን ጣሳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የዱቄት ወተት ጣሳዎች ናቸው፤ አጥቤ ፀሐይ ላይ አድርቄያቸዋለሁ። ሹፌሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አፈር ነው አልኩት። እናንተ ከተማ አፈር አልቆ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ።

ዘይት ደፍተህ ታውቃለህ ወይ ያልሽው የመጀመሪያው ጥያቄሽ አስከፍቶኛል፤ ግን ስለጠየቅሽ እመልሳለሁ። ከመኪና የማወጣውን ዘይት በርሜል ውስጥ አጠራቅመዋለሁ። በየሁለት ወሩ የጡብ ማቃጠያው መኪና መጥቶ ይጭነዋል። አባዬ በሕይወት ሳለ አቧራ እንዳይነሳ እያለ የጋራዡን ግቢ በዘይት ያርሰው ነበር፤ አፈሩ እስከ ዛሬ እንደ አስፋልት ጠቁሮ የደደረው ለዚያ ነው። ያ ግን ከጉድጓዱ በታች ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ ጋራዡን ከተረከብኩ ጀምሮ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ደፍቼ አላውቅም። ዋሽቼ ከሆነ የአባዬ አጥንት ይውጋኝ።

ሁለተኛው። እማዬ አሁንም ትጠጣለች። ከቧንቧ በጀሪካን እየቀዳሁ ወጥ ቤት አስቀምጥላታለሁ። በቧንቧው ውሃ ልብስ ታጥብበታለች፣ የጉድጓዱን ትጠጣለች። ለምን ስላት ይሄ ውሃ ባሌ በእጁ ቆፍሮ ያወጣልኝ ነው፣ ያኛውን ማን እንዳወጣው አላውቅም አለችኝ። ወረቀትሽን ባነብላት ጽሑፉን ትታ ፊርማሽን አየችና ልጄ እጇ አምሯል ብላ ሄደች። ምን ላድርጋት?

ሦስተኛው፣ ጋሽ ካምቢዮ ምን ይላሉ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አልገባኝም። ጋራዣቸው በር ላይ አሮጌ ጎማ አጋድመው ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። በሩ ላይ ወረቀቱ ተለጥፏል። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ሌላ ነገር ካልተገኘ ፈቃዳቸው ጨርሶ ይሰረዛል ይላል። ጠዋት ጋራዤን ስከፍት "እንዴት አደርክ ልጄ?" ይሉኛል። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሰው የተበላሸ መኪና እየገፋ መጥቶ ዝግ መሆኑን ሲያይ፣ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቁመው ላኩልኝ። ትናንት ደግሞ ሁለት። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ወይስ ጥፋተኛ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚያደርጉት? ማታ ማታ ሳስበው አንድ ቀን እንዲህ ይመስለኛል፣ በማግሥቱ እንዲያ። አፈሩ ይናገርና ልረፍ።

ወንድምሽ


መጋቢት 16

ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብታችኋል? ለጠየቅከኝ ነገር ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ያገኘሁትን ልጻፍልህና አንተም ከእኔ ጋር ግራ ተጋባ።

አንደኛው ጣሳ፣ ከግንባቸው ሥር ያለው፣ ትንሽ ዘይት አለበት፤ ጋራዥ ግንብ ሥር የሚጠበቀውን ያህል ነው። ሁለተኛው ንጹሕ። ሦስተኛው ንጹሕ። አራተኛው ከመንጻቱ የተነሳ ችግኝ ብትተክልበት ያምርሃል። አምስተኛው በዘይት የራሰ። ስድስተኛው ንጹሕ። ሰባተኛው፣ ከጉድጓዱ ጥግ፣ ከሁሉም የባሰ።

ዘይት ክንፍ የለውም። ከግንቡ ተነስቶ ሦስት ጣሳ ዘሎ አምስተኛው ላይ አያርፍም፤ ስድስተኛውን እንደገና አይዘልም። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሁለተኛ ሠራሁት። ያው ነው። አለቃዬም መጥቶ አየውና ቁጥሮቹ ተቀላቅለው እንደሆነ ወንድምሽን ጠይቂው አለኝ።

እስቲ አስታውስ። ቁጥሮቹን የጻፍከው ጣሳው ላይ ነው ወይስ ክዳኑ ላይ? ለእኔ የደረሱኝ ክዳኑ ላይ ተጽፎባቸው ነው። ክዳን ደግሞ ይለዋወጣል። እንደገና ቆፍርና ላክልኝ፤ ቁጥሩን በምስማር ጣሳው አካል ላይ ፋቀው። በምትቆፍራት በእያንዳንዷ ጉድጓድ አጠገብ ምን እንዳለም ልብ በል።

ጊዜው እየሄደ ነው። ቢሮ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማየት አልወድም። ጋሽ ካምቢዮ ጎማ ላይ ተቀምጠው ዓይኔ ላይ ይመጡብኛል፤ አንድ ጊዜ አጥፍተው፣ አንድ ጊዜ ሳያጠፉ።

እህትህ


መጋቢት 25

እትዬ፣

ልክ ነሽ፣ ክዳኑ ላይ ነው የጻፍኩት። ሌላም አለ። ሹፌሩን ስጠይቀው መንገድ ላይ ፍተሻ ገጥሞት ሰባቱንም ከፍቶ አሳይቷል። ፈታሹ አፈር መሆኑን አላምን ብሎ በእንጨት ሁሉ አማስሎታል። መልሶ ሲከድን የትኛው ክዳን የየትኛው እንደነበር እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ይኸው ሰባት አዲስ ጣሳ፤ በምስማር ፍቄ ጽፌባቸዋለሁ። ለፈታሹም የሚሆን አንድ ትርፍ ጣሳ አፈር ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ ማማሰል ካማረው እሱን ያማስል።

ስቆፍር ስለገጠመኝ ነገር ልጻፍልሽ። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ጓሮዬን አይጥ የቆፈረው አስመሰልከው አለችኝ። ያ ምንም አይደለም። አምስተኛውን እየቆፈርኩ ቀና ስል ጋሽ ካምቢዮ ግንቡ ላይ በክርናቸው ተደግፈው እያዩኝ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም። "ልጄ፣ ይበቃል። ተወው" አሉኝ። ምኑን ነው የምተወው አልኳቸው። "መቆፈሩን" አሉና ከግንቡ ዞር አሉ።

እኔ አካፋዬን ይዤ ቀረሁ። እንዳይገኝባቸው ፈርተው ነው አልኩ በልቤ። ግን ድምፃቸው የፈራ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ አባዬ ታሞ ሳለ ሊጠይቁት ሲመጡ እንደሚያወሩት ነበር ያወሩኝ። ንዴቴ ተነስቶ ሳያልቅ ሐዘን መጣብኝ፤ ሐዘኑም ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። የቀሩኝን ሁለት ጉድጓዶች ግንቡን ግንቡን እያየሁ ነው የቆፈርኩት።

ቶሎ መልሺልኝ። አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው የቀረው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9

እትዬ፣

በደህና ሰነበትሽ ወይ? ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ውጤት ያለበት መስሎኝ እዚያው አውቶቡስ መናኸሪያው ቆሜ ቀደድኩት። ውጤቱ እንደ መጀመሪያው ነው ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽና ስለ አጥር ትጠይቂኛለሽ። አፈር ሰድጄ የአናጢ ጥያቄ መጣልኝ። ግን አንቺ ያለ ምክንያት አትጠይቂም፤ ስለዚህ በትዕዛዝሽ መሠረት ሜትር ይዤ ወጥቼ አየሁት።

አምስተኛውን የቆፈርኩት የጉድጓዱ አጥር ከሚጀምርበት ቋሚ እንጨት እግር ሥር ነው። አራት እርምጃ ስቆጥር እዚያ ላይ ደረስኩ። ስድስተኛው አጥሩ ውስጥ ሜዳው ላይ ነው፣ አጠገቡ ምንም የለም። ሰባተኛው የባልዲው መጎተቻ ከተተከለበት ግንድ ሥር ነው፣ የጉድጓዱ አፍ ጥግ።

አጥሩ ስንት ዓመቱ ነው ላልሽው፣ ሃያ ሰባት። ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ልታውቂ ይገባሽ ነበር። በአምስት ዓመትሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆድሽ ተኝተሽ የራስሽን ፊት ስታዪ ነው ያገኙሽ። አባዬ የያዘውን ሞተር እንደተፈታ ጥሎ፣ በዚያው ቀን አሥራ አራት ቋሚ ተክሎ ዙሪያውን አጠረው። እማዬ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

እንዴት ነው እስከ ዛሬ ምስጥ ሳይበላው የቆየው ብለሻል። እዚህ ሰፈር የሌላው ሰው አጥር ሁለት ዓመት አይሞላውም፣ በእጅ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። የእኛ ብረት ነው። ምንም ምስጢር የለውም። አባዬ በየዓመቱ ዝናብ ሊገባ ሲል የየቋሚውን እግር ዙሪያ ይምስና አንድ አንድ ጣሳ

እትዬ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ ነው።

አንድ አንድ ጣሳ የተቃጠለ ዘይት ያፈስበት ነበር። ከእሱም በኋላ እኔ። አምናም አፍስሼበታለሁ። ዘንድሮም አንቺ መቆፈር ባታመጪብኝ ኖሮ በዚህ ሳምንት አፈስበት ነበር፤ ዘይቱን ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

የማልኩልሽ ጊዜ አልዋሸሁሽም። እንዴት ብዬ እንደማስረዳሽ አላውቅም። ዘይት ደፍተህ ታውቃለህ ስትዪኝ በዓይኔ የመጣው ሰው የማይፈልገውን ነገር ሜዳ ላይ ሲገለብጥ ነው። ያንን አድርጌ አላውቅም። ይሄኛው ግን አጥር መንከባከብ ነበር። አባዬ አልጋ ላይ ሆኖ አጥሩን አደራ ያለኝ ሥራ ነበር። በደንብ ሰርጾ እንዲገባ ብዬ እኮ ቀስ እያልኩ ነው የማፈሰው። አሥራ አራት ጣሳ በሃያ ሰባት ዓመት ስንት እንደሚሆን እዚያው ቆሜ አሰላሁት። ወደ ሁለት በርሜል ይጠጋል፤ ከጉድጓዱ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ።

ጋሽ ካምቢዮ ይህን ያውቃሉ? ይበቃል ያሉኝ ለዚህ ነው? ነገር ዓለሙ ተደበላልቆብኛል። ይህን ደብዳቤ ደግሜ ካነበብኩት አልልከውም፣ ስለዚህ ሳላነበው አሸግኩት።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 17

ወንድሜ፣

በሹፌሩ እጅ ተከትላ የመጣችው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው የምትለው ባለ አንድ መስመር ወረቀትህ ደርሳኛለች። መልሴ፣ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሁለተኛው ውጤት እንደ መጀመሪያው ሲወጣ አምስተኛው ቁጥር አጥሩ ላይ እንደሚያርፍ በልቤ ለክቼ ነበር። በቀጥታ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እኔ ከነገርኩህ ከእኔ ጋር ትጣላለህ፣ ራስህ ከደረስክበት ግን ከማን ጋር ትጣላለህ? ይህ ብልጠት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፍርሃት ነው። ይቅርታ።

ያ አጥር የተሠራው ለእኔ ነው። ይህን ስታስታውሰኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባዬን ልቆጣው እሞክራለሁ፣ አይሆንልኝም። አንተን ልቆጣ እሞክራለሁ፣ አደራ የተቀበለ ሰው ምን ይባላል? ራሴን ብቆጣ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ነኝ። ቁጣዬ ማረፊያ አጥቶ ይዞረኛል።

የምችለው አንድ ነገር ነው። ከዚህ ጋር አዲስ ወረቀት አለ። አሥራ አራቱም የአፈር ጣሳ በየቦታቸው ተጽፈዋል፣ ከላይ የወረደ ዘይት አለመኖሩን ይናገራል፣ ፊርማዬ አለበት። ጽሕፈት ቤት ከገባ ጋሽ ካምቢዮ ይከፈትላቸዋል፤ ያንተ ጋራዥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትህም። ውሰድ ብዬ አላዝህም። አንተ ግን እኔ ሳላዝህ ነው የመጀመሪያውን የወሰድከው።

ለእማዬ ምን እንደምንላት እውነቱን ለመናገር አላውቅም። አንድ ቀን ንገራት እላለሁ፣ በማግሥቱ ተው እላለሁ። ያ ጉድጓድ ለእሷ ባሏ ነው። ያንተን ልብ ተከተል።

እህትህ


ግንቦት 3

እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። መልስ አጥተሽ ሹፌሩን ሦስት ጊዜ እንደመለስሽው ነግሮኛል። አትቆጪው፣ የምሰጠው ወረቀት ስላልነበረኝ ነው። አሁን ሁሉንም ልንገርሽ።

ወረቀትሽን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ካምቢዮ ዘንድ ነው። ጎማቸው ላይ ነበሩ። መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ ጥፋቱ የእኛ ነው አልኳቸው፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ ጣሳው፣ ሁሉንም። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

"ብናገር ጉድጓዱን ይደፍኑባታል። አባትህ ደግሞ ተነስቶ መልስ አይሰጥ። የእኔ ጋራዥ ያው በር ነው፤ በር ይዘጋል ይከፈታል። ደግሞ ለምስጥ ዘይት ፍቱን ነው ብዬ ያኔ ለአባትህ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምን አፍ አለኝ?"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስነሱኝና ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አብረን ጽሕፈት ቤት ሄድን።

ጽሕፈት ቤት የሆነው ሊያስቅሽ ይችላል፤ እኛን አላሳቀንም። እኔ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ፣ እሳቸው የለም መካሪው እኔ ነኝ ይላሉ። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶችሽን ጎን ለጎን ዘርግቶ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያል። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ተቀምጣችሁ ተስማሙና ግቡ ብሎ አስወጣን። አልተስማማንም። እሱም የእሳቸውን ከፈተ፣ የእኔን አሸገ። ጉድጓዱ እንዳይቀዳበት ተባለ፤ የራሰው አፈር በየት በየት እንዳለ ተለይቶ ተቆፍሮ እስኪወጣ ድረስ። ከሰኞ ጀምሮ የምሠራው ጋሽ ካምቢዮ ጋራዥ ውስጥ ነው። መፍቻዎቼን ሳስገባ ደንበኞቻቸው ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም። ያሳፍራል፣ ግን ይለመዳል።

የቀረችው እማዬ ነበረች። መንገድ ላይ ስወስን ስሽር መጥቼ በመጨረሻ ውሸት ይዤ ገባሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሸሚዜን ቁልፍ ትተክል ነበር። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። አባዬ ከሞተ በኋላ ከራሴ አመንጭቼ አጥሩ ሥር ዘይት ሳፈስ ነበር፣ እሱ የለበትም፣ እንዳትታዘቢው አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"አባትህ ሲያፈስ ጣሳውን እየሞላ የሚያቀብለው ማን ይመስልሃል?" አለችኝ።

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝም። ሸሚዙን አጣጥፋ አስቀመጠችና የራሰው አፈር የት የት እንዳለ እንድናሳይ ታዘን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ችካልና መዶሻ አምጣ አለችኝ። አንተ የማታውቃቸው ቦታዎች አሉ አለችኝ።

ጉልበቷን እየያዘች ከፊት ከፊት ሄደች፣ እኔ ከኋላ። አሥራ አራቱን ቋሚዎች ቸል ብላ አለፈቻቸው፣ እነሱን ታውቃቸዋለህ ብላ። የዶሮ ቤቱን አራት እግር አሳየችኝ። የልብስ ማስጫውን ሁለት ግንድ። ድሮ የፈረሰውን የማገዶ ቤት ስምንት ቋሚ፣ አሁን ካሮት የዘራችበትን። የካሮቱ ቦታ ላይ ስትደርስ ጥቂት ቆመች። ያንቺ መኝታ ክፍል መስኮት ሥር ሁለት። በየቦታው አባዬ በየትኛው ዓመት እንዳፈሰሰው፣ ያን ቀን ምን ለብሶ እንደነበር ሳይቀር ትነግረኛለች፣ እኔ ችካሉን እመታለሁ። ማዘኔን ረስቼ መቁጠር ያዝኩ። ከአሥራ አራቱ ቋሚዎች ጋር ሠላሳ ሲደርስ ያለቀ መሰለኝና መዶሻውን ልመልስ ዞርኩ።

እሷ ግን ወደ አጥሩ ውስጥ ገባች። ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄዳ የእንጨት ክዳኑ የሚያርፍበትን ጠርዝ በእግሯ ነካ አደረገችው። ክዳኑ እንዳይበሰብስ፣ ልጅ እንዳይከፍተው ጥብቅ እንዲል ብላ፣ አንቺ ከተገኘሽበት ዓመት ጀምሮ በየክረምቱ ጠርዙን በዘይት ስታጠጣው እንደኖረች ነገረችኝ። የተረፈውን እዚያው፣ ሰባተኛው ጣሳ የወጣበት ጥግ ላይ ታንጠፈጥፈው ነበር።

"ይሄኛውን አባትህም አያውቀውም" አለችኝ። "ይሄ የእኔ ነው።"

ችካሉን ልመታ ጎንበስ ስል መዶሻውን ከእጄ ወስዳ ራሷ መታችው። ሠላሳ አንደኛው እሱ ነው። ጣሳ አልቆብኛል፣ ስትመጪ ይዘሽ ነይ።

ወንድምሽ